ኮፍያ የደፉ ዳክዬዎች

አንባቢ ሆይ፤ ዳክዬ ኮፍያ ደፍታ፣ በአንገቷም ላይ ሹራብ ጠምጥማ አይተህ ታውቃለህን? እኔስ ባለፈው ዓመት በጥር ወር ወደ አሜሪካ አገር ወደ ቦስተን ከተማ እስክሄድ ድረስ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አልሰማሁም ነበር። ሰው ቢያወራልኝም ኖሮ «ይህን ለሕፃናት አውራላቸው» ብዬ እመልሰው ነበር። አሁን ግን የምጽፍልህ ዓይኔ ያየውንና እጄ የሠራውን ስለ ሆነ፣ እየሣቅህም ቢሆን እስከ መጨረሻው አብረኸኝ ትጓዝ ዘንድ እለምንሃለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ እነግርሃለሁ።

ወደዚያ የሄድሁት ለሁለት ወር የመምህራን ሥልጠና ነበር፤ ያረፍሁትም ከከተማው ወጣ ባለ ሰፈር በሚኖሩት በአክስቴ ቤት ነው። የማስተምረው በደብረ ብርሃን ስለ ሆነ ብርድን የማውቀው መስሎኝ ነበር። የመንዝ በርኖስ እያየ ያደገ ሰው የማንን ብርድ ይፈራል? ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ከደጅ ብቅ ብል ነፋሱ ጆሮዬን እንደ ምላጭ ቆረጠኝ። ምድሩ ሁሉ በበረዶ ተሸፍኖ መንገዱ ከሣሩ አይለይም። ኮፍያ ይዤ አልሄድሁም ነበርና አክስቴ የራሳቸውን ሻሽ ሊሰጡኝ ቢሉ ኩራት ይዞኝ እምቢ አልሁ።

በዚያው ቅጽበት ከጎረቤት ቤት ፊት ለፊት፣ በበረዶው መካከል፣ ሁለት ወፎች ቆመው አየሁ። ቀለማቸው እንደ ጽጌረዳ፣ ቅልጥማቸው ቀጭን፣ አንገታቸው ረጅምና የተቆለመመ ነው። ፍላሚንጎ ናቸው! ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ስምጥ ሸለቆ በሄድሁ ጊዜ በአብያታ ሐይቅ ዳር አይቻቸው ነበርና አልተሳሳትሁም። ነገር ግን የሙቅ አገር ወፍ በዚህ በረዶ ውስጥ ምን ይሠራል? ከሁሉም የሚገርመው በየአንገታቸው ላይ ቀይና ቢጫ የሹራብ ልብስ ተጠምጥሞ፣ በየራሳቸውም ላይ ጫፉ በክር ኳስ ያጌጠ ኮፍያ ተደፍቶ ነበር። «እንግዲያውስ ከሙቅ አገር መጥቶ እዚህ የሚንቀጠቀጠው እኔ ብቻ አይደለሁም» እያልሁ ልጠጋቸው ስል፣ አክስቴ ከበራፉ ላይ ሆነው በሣቅ ፈነዱ። «አንተ ልጅ፣ ፕላስቲክ ናቸው እኮ!» አሉኝ።

የነዚህ ወፎች የትውልድ አገር ሩቅ አይደለም። ከቦስተን 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሌሚንስተር የምትባል ከተማ ናት። በ1957 ዶን ፌዘርስተን የሚባል፣ ሥነ ጥበብ የተማረ ወጣት፣ በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ተቀጥሮ ሳለ ቀረፃቸው። ቀደም ሲል ዳክዬ እንዲቀርፅ በታዘዘ ጊዜ ሕያው ዳክዬ ገዝቶ እርሷን እያየ ሠርቶ ነበር፤ ፍላሚንጎ ግን በዚያ አገር እንደ ልብ ስለማይገኝ ከመጽሔት ፎቶግራፍ ላይ እያየ ሠራው። ሁለቱ ወፎች ያን ጊዜ በ2 ዶላር ከ76 ሳንቲም ይሸጡ ነበር። በግቢ ሣር ላይ ምስል ማቆም ከዚህ የቆየ ልማድ ነው፤ በ1840ዎቹ ሰር ቻርልስ አይሻም የሚባሉ እንግሊዛዊ ባለርስት ከጀርመን አገር የሸክላ ድንክ ሽማግሌዎችን አስመጥተው በላምፖርት ግቢያቸው አቁመው ነበር። ከነዚያ ድንኮች እስከ ዛሬ የተረፈው አንድ ብቻ ነው። የፌዘርስተን ወፎች ግን ሠሪያቸው በ2015 ካረፈ በኋላም በብዙ ቤት ደጃፍ ቆመው ይታያሉ።

አሁን ልቤ ያሰበውን ሳልደብቅ ልንገርህ። ነገሩ አላስደሰተኝም። እናቴ በልጅነቴ ሹራብ ሠርተው በገበያ እየሸጡ ደብተርና እርሳስ ገዝተውልኛል። በእኛ ቤት አንድ ጥቅል ክር ማለት አንድ እንጀራ ማለት ነበር። እዚህ ግን ክር ለፕላስቲክ ወፍ ይባክናል! ደግሞም ከባቡር ጣቢያው ደረጃ ሥር ብርድ ልብስ ተከናንበው የተኙ ሰዎችን በዓይኔ አይቻለሁ። «ሰው እየበረደው ወፍ የሚያለብስ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው?» ብዬ ለአክስቴ ተናገርሁ። አክስቴም «ለምን ራሳቸውን አትጠይቃቸውም?» ብለው በማግሥቱ ለቡና ወደ ጎረቤታቸው ቤት ወሰዱኝ።

ወፎቹን ያለበሱት ባልቴት ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የሚጠጋ፣ ዓይናቸው ግን እንደ ልጃገረድ የሚሥቅ ነው። በምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሁለቱ የሹራብ መርፌዎች በእጃቸው ላይ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። እኔም በልቤ የያዝሁትን ጥያቄ በትሕትና ቀባብቼ አቀረብሁላቸው። ባልቴቲቱ አልተቆጡም። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ባዶ ራሴን አዩና ከእግራቸው አጠገብ ካለው ትልቅ ቅርጫት አንድ ጥቁር ኮፍያ አውጥተው «ይህ ቅርጫት ለሚበርደው ሰው ነው፤ ተቀበል» አሉኝ። አክስቴ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። እኔም ስለ ብርዳም ሰዎች ልሟገት መጥቼ ራሴ ብርዳም ሆኜ ተገኘሁና ኮፍያውን ደፍቼ ዝም አልሁ።

ለካስ ቅርጫቱ ሁለት ኖሯል። በትልቁ ቅርጫት ያለው ኮፍያና ካልሲ በየሳምንቱ መጠለያ ለሌላቸው ሰዎች ይሰጣል። በትንሹ ቅርጫት ያለው ግን የክር ቁርጥራጭ ነው፤ ከአንዱ ኮፍያ የተረፈ ቀይ፣ ከሌላው የተረፈ ሰማያዊ፣ ለሰው ልብስ የማይበቃ ሁሉ ይጠራቀምበታል። ወፎቹ የሚለብሱት ከዚህ ነው። «አያቴ በሎረንስ ከተማ በሱፍ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር» አሉኝ ባልቴቲቱ። ይህች ሎረንስ በ1912 በጥር ብርድ ከ20,000 የሚበልጡ ሠራተኞች ደመወዛችን ተቀነሰ ብለው ሥራ ያቆሙባት ከተማ ናት። «አያቴ ዕድሜያቸውን ሁሉ በሰዓት እየተለኩ ክር ሲነኩ ኖሩ፤ ለሣቅ ብለው አንዲት ስንዝር እንኳ ሳይሠሩ ሞቱ። እኔ ግን ትልቁን ቅርጫት ስጨርስ ትንሹን እከፍታለሁ። ዳክዬ ሰፋኝ፣ ጠበበኝ አትልም።»

ዳክዬ ያሉት በአፋቸው አምልጧቸው አልነበረም። በእጃቸው የያዙት ትንሽ ኮፍያ ለፕላስቲኮቹ ወፎች ሳይሆን በቦስተን መካከል ለቆሙት የነሐስ ዳክዬዎች ነበር። እኔም ሥራውን ልማር ብዬ ጠየቅኋቸው። በአገራችን ሸማ መሥራት የወንድ ሙያ ስለ ሆነ ክር መያዝ የሚያሳፍረኝ አይደለሁም።

አንባቢ ሆይ፤ ወፍ ማልበስ ቀላል እንዳይመስልህ። ጆሮ የሌለው ራስ ኮፍያ አይዝም፤ ነፋስ ሲመጣ ወስዶ ይጥለዋል። ስለዚህ ከመንቁሩ በታች የሚታሰር ማሰሪያ ይሠራለታል። ራሱ ከአንገቱ ስለሚሰፋ ኮፍያው ሲገባ የሚሳብ፣ ከገባ በኋላ የሚሰበሰብ እንዲሆን ጠርዙ አንዱ ቀለበት ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ እየተደረገ ይሠራል። ክሩም ከሱፍ ይልቅ ሰው ሠራሹ ይመረጣል፤ ሱፍ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳልና። ሽቦም ሙጫም አይነካውም፤ ነሐሱን ያበላሸዋል። ልኩን ለማወቅ ደግሞ በአንድ ክር ራሱን ዙሮ መለካትና ክሩን ቋጥሮ መያዝ ይበቃል። እኔ በሦስት ምሽት አንዲት ኮፍያ ጨረስሁ፤ አንድ ጎኗ ግን ከሌላው ረዘመ።

ቅዳሜ ዕለት ሦስታችን ከምድር በታች በሚሄደው ባቡር ተሳፈርን። የወረድንበት ፓርክ ስትሪት የሚባለው ጣቢያ በ1897 ሲከፈት ለአሜሪካ አገር የምድር ውስጥ ባቡር የመጀመሪያው መስመር ጣቢያ ነበር። ከዚያ ወጥተን ከ1634 ጀምሮ የሕዝብ ሆኖ የኖረውን ሰፊ መስክ በእግራችን አቋርጠን፣ በ1837 የተመሠረተውን የሕዝብ የአትክልት ሥፍራ አገኘን። በበጋ የስዋን ቅርፅ ያላቸው ጀልባዎች ሰው ጭነው የሚዞሩበት ኩሬ ያን ቀን በረዶ ለብሶ ዝም ብሏል። ጀልባዎቹም ከ1877 ጀምሮ የሚሠሩ ናቸው።

ከአጥሩ በር ገባ እንዳልን አየኋቸው። አንዲት እናት ዳክዬ ከፊት፣ ስምንት ጫጩቶች ከኋላዋ ተሰልፈው፣ በአሮጌ የመንገድ ድንጋይ ላይ ይሄዳሉ። የሰልፉ ርዝመት ከ10 ሜትር ይበልጣል። የቀረፁዋቸው ናንሲ ሾን የሚባሉ ሴት ናቸው፤ የቆሙትም በ1987 ነው። ታሪካቸው የተወሰደው ሮበርት መክሎስኪ በ1941 ካሳተመው የልጆች መጽሐፍ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ እናቲቱ ጫጩቶቿን ይዛ ወደዚህ ኩሬ ስትመጣ አንድ ፖሊስ መኪናዎቹን ሁሉ አቁሞ ያሳልፋታል። ደራሲው ሥዕሉን ሲሠራ ሕያዋን ዳክዬዎችን በኒው ዮርክ መኖሪያ ቤቱ አኑሮ እስከ ገንዳው ድረስ እየተከተለ ይስላቸው ነበር ይባላል። በ1991 ደግሞ የነዚህ ዳክዬዎች አምሳያ ለሞስኮ ከተማ ልጆች በስጦታ ተልኮ በኖቮዴቪቺ መናፈሻ ቆሟል።

የከተማው ሰው በዓል ሲመጣ፣ ወይም የኳስ ቡድኑ ሲያሸንፍ፣ ዳክዬዎቹን ያለብሳቸዋል። ማን እንዳለበሳቸው ብዙ ጊዜ አይታወቅም። እኛም በበረዶው ላይ ተንበርክከን ለስምንቱ ስምንት ኮፍያ አሰርን። የእኔዋ ጠማማ ኮፍያ ለመጨረሻው ጫጩት ደረሰች። ለእናቲቱ ባልቴቲቱ ወፍራም፣ ረጅም፣ አረንጓዴ የአንገት ልብስ ሠርተውላት ነበር። ለዳክዬ እጅግ በዝቷል ብዬ ባስብም አልተናገርሁም። ባቡር ውስጥ ፊቱን በስልኩ ሸፍኖ የነበረው ሕዝብ እዚህ ቆሞ ይሥቃል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ይነጋገራሉ። አንድ ሕፃን የመጨረሻይቱን ጫጩት ኮፍያ ቀና ሊያደርግላት ብዙ ደከመ፤ ጥፋቱ የሠሪው መሆኑን እኔ አልነገርሁትም።

በሳምንቱ ተመልሰን ብንሄድ ስምንቱ ኮፍያዎች እንዳሉ ናቸው፤ የእናቲቱ የአንገት ልብስ ግን የለም። አክስቴ «ምን ዓይነት ሌባ ነው! ከዳክዬ አንገት?» ብለው ተቆጡ። እኔም አዘንሁ። ባልቴቲቱ ግን ጎንበስ ብለው ዙሪያውን አዩ። የተቆረጠ ክር የለም፤ የተጎተተ ኮፍያ የለም፤ ቋጠሮው በቀስታ ተፈትቷል። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ሣቅ ነበር። «ርዝመቱ የሰው ነበር» አሉ። «የእናቲቱን ሁልጊዜ በሰው ልክ ነው የምሠራው። መጠለያ ገብቶ ተሰልፎ መቀበል የሚያፍር ሰው አለ። ከዳክዬ መውሰድ ግን ማንንም አያሳፍርም።»

ያን ጊዜ የአክስቴን ሻሽ እምቢ ያልሁበት ማለዳ ትዝ አለኝ። በባቡር ስንመለስም ኮፍያዬን እስከ ጆሮዬ ጎትቼ ብዙ አልተናገርሁም።

አንባቢ ሆይ፤ አንተም ምናልባት እንደ እኔ «የፈረንጅ ቅብጠት» ብለህ ይሆናል። ነገር ግን እስኪ የእናትህን ቤት አስብ። ሬዲዮኑ ዳንቴል ለብሶ አልነበረምን? ቴሌቪዥኑስ፣ የወንበሩስ መደገፊያ? ሬዲዮን አይበርደውም። እናቶቻችን ግን ከሥራ ሁሉ በኋላ፣ ከሚሸጠውም ሁሉ በኋላ፣ በተረፈችው ክርና በተረፈችው ምሽት አበባና ኮከብ እየሠሩ አለበሱት። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አልከፈላቸውም። እኔ በአሜሪካ የነቀፍሁትን ነገር እናቴ ቤት በየቀኑ እያየሁ አድጌያለሁ፤ ስለ ለመድሁት ብቻ ጨዋታ መሆኑን አላስተዋልሁም።

አገሬ ከተመለስሁ በኋላ ይህን ሁሉ ለእናቴ አጫወትኋቸው። ዳክዬ ኮፍያ ደፋች ስላቸው እስኪያነቡ ድረስ ሣቁ። ከዚያም በትምህርት ቤታችን ግቢ በሰንደቅ ዓላማው አጠገብ የሲሚንቶ አንበሳ እንዳለ፣ የደብረ ብርሃንም የኅዳር ብርድ እንደማይቻል ነገርኋቸው። እናቴ ጥቂት ዝም አሉ። ተነሥተው ከአልጋው ሥር የክር ቁርጥራጭ የሞላበትን አሮጌ ሣጥን ጎተቱና፣

«የአንገቱን ልክ ይዘሃል?» አሉኝ።