አሮጌ መርሰዲስ ፍለጋ በሽቱትጋርት

ሽቱትጋርት በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፥ ዙሪያዋን በኮረብታ የተከበበች ከተማ ናት። የወይኑ ተክል ከኮረብታው ወገብ በመደዳ እየወረደ እስከ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ይደርሳል። ከኔካር ወንዝ ማዶ ካንሽታት የሚባል ሠፈር አለ። ጎትሊብ ዳይምለር በኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ ከባልደረባው ከማይባኽ ጋራ የቤንዚን ሞተር የሠራው እዚያ፥ በግቢው ውስጥ ባለች የአትክልት ማሳደጊያ ቤት ነው። አትክልተኛው ሌሊት የሚሰማውን ኳኳታ ጠርጥሮ «ሐሰተኛ ገንዘብ ይሠራሉ» ብሎ ለፖሊስ አመለከተ ይባላል። ፖሊሶች ገብተው ቢፈትሹ ያገኙት መፍቻና ብረታ ብረት ብቻ ሆነ። ቤቲቱ ዛሬ መታሰቢያ ሆና ትጐበኛለች።

በ2006 የተከፈተውንም ትልቁን የመርሰዲስ ሙዚየም አይቻለሁ፤ ታሪኩን ከፈረስ ጀምሮ ስለሚተርክ ለተማሪዎቼ የምነግረው አላጣሁም። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. ክረምት፥ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወደዚያች ከተማ ስሄድ፥ የአውሮፕላኑን ቲኬት የላኩልኝ አጎቴ ሌላ ጉዳይ ነበራቸው። ጋሼ አሮጌ መኪና ሊገዙ ፈልገው ከጎናቸው የሚቆም ሰው ይሹ ነበር።

ጋሼ ጀርመን አገር የገቡት በ1986 ነው። የመጀመሪያ ሥራቸው መኪና ማጠብ ነበረ፤ ዓርብ ዓርብ ማታ የአለቃቸውን 500 ኤስ.ኢ.ሲ. ያጥባሉ። «መስኮቶቹን ሳወርዳቸው መካከል ላይ ምሰሶ የለም! ውስጡን ስወለውል እጄ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል» እያሉ ሲያወሩ፥ አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ነገር ሳይሆን የትናንት ይመስላል።

ኩፔ የሚባለው ባለ ሁለት በር አውቶሞቢል ቤተ ሰብ ለማመላለስ አይመችም፤ ሸክምም ብዙ አይጭንም፤ ዋጋው ግን ከባለ አራት በሩ ይበልጥ ነበር። ኤስ.ኢ.ሲ. የተባለው በ1981 በፍራንክፈርት የመኪና ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየ፤ ከዚህ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ ባለው በዚንደልፊንገን ፋብሪካም እስከ 1991 ድረስ ተሠራ። ጠቅላላው ቍጥር 74,060 ነው። በሩን ዘግተው ቁልፉን ሲያዞሩ ከኋላ አንዲት ክንድ ብቅ ትልና፥ ካፖርት እንደሚያቀብል አሽከር፥ የወንበሩን ቀበቶ ወደ ትከሻዎ ታቀርብልዎታለች።

ታዲያ እንዲህ ያለው ጌታ መኪና እንዴት ረከሰ? የመጀመሪያው ባለቤት ዲሬክተር ነው፤ ሁለተኛው ሐኪም፤ ሦስተኛው ነጋዴ፤ አራተኛው ደግሞ መኪናውን እንጂ የመኪናውን ወጪ መግዛት ያልቻለ ጎረምሳ ነው። ዘይት መቀየሩ ይቀራል፤ ዝገቱ በስቱኮ ይሸፈናል፤ በመጨረሻም መኪናው ጓሮ ይቆማል። የመለዋወጫው ዋጋ ግን መኪናው አዲስ ሳለ የነበረውን ማዕርግ አይረሳም። አጠገባችን ባለችው በፌልባኽ ፋብሪካው ራሱ ከ1993 ጀምሮ ለአሮጌ መኪናዎቹ የከፈተው ማዕከል አለ፤ ብዙ ዕቃም ይገኛል። ሆኖም ሶማሌ ተራ ገብቶ ተከራክሮ መግዛት የለመደ ሰው እዚህ አገር አፉን ይዞ ይቀራል።

የአገሩም ሕግ ጠንካራ ነው። ማንኛውም አሮጌ መኪና በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል፤ ተሸካሚው ብረት ከዛገ አያልፍም። ጭስ ማጣሪያ የሌለው ባለ 5 ሊትር ሞተር የዓመት ግብሩ ከ1,200 ዩሮ ይበልጣል። ሠላሳ ዓመት የሞላውና በደንብ የተጠበቀ መኪና ግን ልዩ ታርጋ ይሰጠውና ከ192 ዩሮ ያነሰ ይከፍላል። እንግዲህ የዛገ አካል የገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ተቀጣ ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ በበያጁ፥ አንድ ጊዜ በግብር ሰብሳቢው።

መጀመሪያ ያየነው መኪና ብርማ ቀለም ያለው፥ እንደ መስታወት የተወለወለ ነበረ። ሻጩ 6,500 ዩሮ ጠራ፤ ሞተሩንም አስነሣው፤ ወዲያው ተነሣ። የጋሼ ዐይን እንባ አቀረረ። እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና በመሐረብ የጠቀለልሁት ማግኔት ኪሴ ውስጥ ነበረ። በኋላው መስታወት ግርጌ ብለጥፈው ወደቀ። በኋላው ጎማ ፓራፋንጎ ላይ ሞከርሁት፤ እዚያም ወደቀ። ማግኔት ላሜራን እንጂ ስቱኮን አይወድም። በዚህ ዐይነት መኪና ጎንና ጎኑን የሚሸፍን የፕላስቲክ ልብስ አለ፤ ለውበት ይሁን እንጂ ከሥሩ የሚሆነውን ማንም አያይም። ጋሼ ጎንበስ ብለው ክሪክ የሚገባበትን ቦታ በካቻቪቴ ቢነኩት ብረቱ እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ።

«ሞተሩን ስሙት እንጂ!» አለ ሻጩ።

ሞተር ተነቅሎ ሌላ ይገባል፤ የበሰበሰ አካል ግን መኪናው ራሱ ነው። ይኸንን ለጋሼ መናገር አላስፈለገኝም፤ ካቻቪቴውን ጠርገው ኪሳቸው ከተቱ።

ሁለተኛው ሬምስታል በሚባለው ሸለቆ፥ በወይን እርሻ መካከል ካለች መንደር፥ ከአንድ የእህል ጎተራ ውስጥ ተገኘ። ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት አልተንቀሳቀሰም። ጎማዎቹ ተኝተዋል፤ አይጥ ወንበሩ ውስጥ ወልዳለች፤ አቧራው ላይ ስም መጻፍ ይቻላል። ማግኔቱ ግን በሄደበት ሁሉ ተጣበቀ። ባለቤቲቱ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው፤ ሟቹ የከፈለበትን ደረሰኝ ሁሉ በዓመተ ምሕረት አሰናድቶ ትቶታል። የሽቫብ ሰዎች ቈጣቢነት በመላ ጀርመን የታወቀ ነው። አሮጊቷ 4,000 ዩሮውን ሁለት ጊዜ ቈጠሩ፤ ከዚያም ከመሳቢያ አውጥተው ያልተነካ ሁለተኛ ቁልፍ ሰጡን።

እኔ ሞተሩን ለመስማት ቸኩዬ ነበር፤ ጋሼ ግን እጄን ያዙ። የቆመ መኪና ከሚነዳው ይልቅ ቶሎ ይበላሻል። ቤንዚኑ ሙጫ ይሆንና ነዳጅ የሚያከፋፍለውን ዕቃ ይዘጋል፤ ጎማ ነክ የሆነው ሁሉ ይደርቃል። በዚህ ሞተር ውስጥ ደግሞ ካቴናውን የሚመሩት ፕላስቲኮች በዕድሜ ብዛት እንደ ብርጭቆ ይሰባበራሉ፤ ስብርባሪው ከካቴናው ሥር ከገባ ሞተሩ በአንድ ቀን ገደል ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ይነሣል።

ቤት ስንገባ እትዬ በር ላይ ቆመው ጠበቁን።

«ልጆቹ አድገው ወጥተዋል፤ አዲስ አበባ የጀመርነው ቤት ክዳን ይጠብቃል፤ አንተ ብረት ገዝተህ መጣህ?»

ጋሼ ዓመቱን ሁሉ «ይዤው አገሬ እገባለሁ» ይሉ ነበር። ይሁን እንጂ መንግሥታችን በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። እትዬ ይኸንኑ አስታወሷቸው።

«ዐውቃለሁ» አሉ ጋሼ። «እዚሁ እነዳዋለሁ።»

እትዬ ለጥቂት ጊዜ አዩአቸውና ምንም ሳይመልሱ ወደ ማድ ቤት ገቡ። ክዳኑን የሚመለከት ነገር እኔ እስክመለስ ድረስ ሲነሣ አልሰማሁም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተሰናብቼ ስመጣ መኪናው በአራት እንጨት ላይ ቆሞ፥ ኮፋኖው ተነቅሎ፥ የቴስታታው ክዳን ተከፍቶ ነበረ። የፊተኛው ወንበር አይጧ ያበላሸችው ቆዳ እስኪጠገን ሳሎን ገብቷል፤ እትዬም ቡና ሲያፈሉ እርሱ ላይ ይቀመጣሉ።