አሥራ ስምንት ክረምት የቆመችው ላንድ ሮቨር

ስለ አሮጌ ነገር የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት ስለ ቤተ መንግሥትና ስለ ገዳም፤ ስለ ብራናና ስለ ጋሻ ነው። እኛ ግን ዛሬ ለክቡራን አንባብያን የምናቀርበው ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ስለ ሆነ፤ ነገሩ ለዚህ መጽሔት ገጽ የማይመጥን የሚመስለው ሰው ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን አስቀድመን እንለምናለን።

መኪናዪቱ ላንድ ሮቨር ናት። አቃቂ በሚገኘው በአባታችን ግቢ፤ ከባሕር ዛፍ ሥር ከሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. ጀምሮ ቆማ አሥራ ስምንት ክረምት ዘንቦባታል። የአቃቂ መሬት መረሬ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል። መረሬ በበጋ ተሰነጣጥቆ አፉን ይከፍታል፤ በክረምት ደግሞ አብጦና ለስልሶ የተሸከመውን ሁሉ ወደ ታች ይስባል። ስለዚህ መኪናዪቱ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እየሰመጠች ሄዳ በመጨረሻ ጎማዎችዋ እስከ ቸርኬያቸው ተቀበሩ። ዶሮዎች ከኋላ መቀመጫዋ ዕንቁላል ይጥሉ ነበር፤ ኮፈኖዋም ለእናታችን በርበሬ ማስጫ ሆኖ ሲያገለግል ኖረ።

የቆመችበት ምክንያት እጅግ ትንሽ ነበረ። የውሃ ፖምፓዋ አፈሰሰ፤ ምትኩ ከሶማሌ ተራ እስኪገኝ ድረስ ትቁም ተባለ። ከዚያ የልጆች ትምህርት መጣ፤ ከዚያ የአባታችን ጡረታ፤ ከዚያ የእናታችን ሕመም። እኛ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች «እስከዚያው ድረስ ይቀመጥ» ተብሎ የተጻፈበት ፋይል ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ እናውቃለንና፤ የመኪናዪቱ ዕድል አያስገርመንም።

ላንድ ሮቨር ራስዋ ከችግር የተወለደች ናት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በልክ ይታደል ነበረ። የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ አንግልሲ በተባለችው የዌልስ ደሴት ባለው እርሻው ላይ ከጦርነቱ በተረፈች የአሜሪካ ጂፕ ይሠራ ነበርና፤ ይህችን የምትተካ መኪና እኛው ለምን አንሠራም የሚል ሐሳብ መጣለት። የመጀመሪያዪቱም ላንድ ሮቨር በሚያዝያ ወር 1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ላይ ታየች። ብረት እንደ ልብ ስላልተገኘ ገላዋ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ ሻንሲዋ ግን ከብረት ላሜራ እንደ ሣጥን ተበይዶ ተበጀ። የኛይቱ መኪና ሕመምም ከዚሁ ከአሠራርዋ የመጣ ነው፤ ላይዋ ዝገት የማያውቀው ሲሆን ታችዋ ውስጥ ለውስጥ ይበላል።

የኛይቱ «ሲሪስ ቱ ኤ» ከሚባሉት ወገን ናት። እነዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1961 እስከ 1971 ድረስ የተሠሩ ናቸው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 109 ኢንች፤ ይኸውም 2 ሜትር ከ77 ሳንቲሜትር ያኽል ትረዝማለች። በቤንዚን የሚሠራ፤ አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር አላት። አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባችው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ፤ መኪናው ከመንገዱ ቀድሞ መምጣቱን እንረዳለን። መንገድ የማትጠይቅ መኪና በአገራችን ይህን ያኽል የተወደደችውም ስለዚህ ነው።

አባታችን ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ በአንበጣ መከላከል ሥራ ሾፌር ነበሩ። የዛሬ ተማሪዎች አንበጣን በመጽሐፍ ብቻ ያውቁት ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ግን ራሳቸው አዩት። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይዞ በአንድ ቀን የ35,000 ሰው ምግብ ያኽል ይበላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 በአገራችን ላይ የወረደው መንጋ 167,000 ቶን እህል እንዳጠፋ ተጽፎአል፤ ይህም አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ለአንድ ዓመት የሚመግብ ነበረ። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት በነሐሴ ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመ ስምምነት የተቋቋመው ይህን የመሰለ ጥፋት ስለ ታየ ነው።

ላንድ ሮቨር በዚህ ሥራ ላይ ሰው ከማመላለስ የበለጠ ተግባር ነበራት። በምሥራቅ አፍሪካ አንድ ብልኅ መሣሪያ ተፈጥሮ ነበረ። መኪናዪቱ ከጭስ ማውጫዋ የምትተነፍሰው ጋዝ ወደ መርዙ ጋን ይመለሳል፤ በዚያው በገዛ ትንፋሽዋ ግፊት መርዙ እንደ ጉም ደቅቆ ይወጣል። ሾፌሩ ነፋሱን በጎን እየተቀበለ ሲነዳ፤ ጉሙ በነፋሱ ተገፍቶ ክንፍ ባላበቀለው ኩብኩባ ላይና በሚበላው ቅጠል ላይ ያርፋል። እንግዲህ ሞተሩ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር፤ ይነዳል፤ ይረጫል። ከሚረጩት መርዞች አንዱ ዲልድሪን ነበረ፤ እርሱም ለሰውም ለአፈርም ክፉ ሆኖ ስለ ተገኘ በ1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም በተፈረመው ስምምነት ከተከለከሉት መካከል ሆኖአል። አባታችን ስለዚህ ሲጠየቁ «እኛ ያን ጊዜ አፋችንን በነጠላ ሸፍነን እንረጭ ነበር» ከማለት በቀር ሌላ አይጨምሩም።

መኪናዪቱን በ1984 ዓ.ም. በሐራጅ ገዙአት። እኛም ያደግነው በእርስዋ ነው። በ2012 ዓ.ም. አንበጣው ተመልሶ በመጣ ጊዜ አባታችን ራዲዮናቸውን ይዘው ወደ ባሕር ዛፉ ሥር ሄዱና በጭቃው ውስጥ የቆመችውን መኪና በከዘራቸው ሲነኩ አየናቸው። ምንም አልተናገሩም። የዓይናቸው ብርሃን መቀነስ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው።

በቤተ ሰባችን ክርክር የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ቆራሌው ሁለት ጊዜ መጥቶ ዋጋ ቆርጦ ነበር። አቃቂና ቃሊቲ የብረት ማቅለጫዎች ሠፈር ስለ ሆነ ለሻንሲው ገዢ አይጠፋም፤ አሉሚኒየሙም ቢሆን ድስት ሠሪዎች የሚሻሙበት ነው። ታላቅ ወንድማችን ትሽጥ አሉ። «ለብረት የምታወጡትን ገንዘብ ለዓይናቸው አውጡት» ማለታቸው ተራ ነገር አልነበረም፤ የአባታችንን የሕክምና ወጪ ለብዙ ዓመት የተሸከሙት እርሳቸው ናቸውና። ሐኪሙ ግን ግላኮማ መሆኑን፤ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፤ የቀረውን ግን ጠብታ ሳያቋርጡ ማቆየት እንደሚቻል ገልጦ ነገረን። ስለዚህ የጠብታው ገንዘብ በየወሩ አስቀድሞ እንዲነሣ፤ ከዚያ የተረፈው ለመኪናዪቱ እንዲሆን ተስማማን። አባታችን ጥላና ብርሃን እየለዩ ሳሉ መድረስ አለብን የሚለው ሐሳብ ከእኛ አልፎ ወደ ወንድማችንም ገባ።

ሥራው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ተጀመረ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነ ገና ሦስት ወር ቢሆነው ነው፤ ሰዎች በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ መኪና ሲያወሩ እኛ ቤንዚን የምትጠጣ አሮጊት ከመሬት እንቆፍር ነበር። ከባድ መኪና የሚነዳ ጎረቤታችን በሽቦ ገመድ ጎትቶ አወጣልን። ከጎማዎቹ ሥር የወጣው ጉድጓድ አንድ ክንድ ይሆናል።

ሞተሩ ነክሶ ነበር። ቃሊቲ ውስጥ ሥራቸውን ለልጃቸው የተዉ ሽማግሌ መካኒክ አግኝተን ካንዴላዎቹን ፈትተው በየሲሊንደሩ ናፍታና ዘይት ደባልቀው አፈሰሱበት፤ «አሁን ማንም አይንካው» ብለው ሄዱ። በየቅዳሜው እየመጡ ማኖቬላውን በፊት በኩል አስገብተው ይሞክራሉ፤ አልንቀሳቀስ ሲላቸው ሌላ ዘይት ጨምረው ይሄዳሉ። የወጣት መካኒክ ትዕግሥት ይህን አይችልም፤ በመዶሻ ይጨርሰው ነበር። በአራተኛው ቅዳሜ ማኖቬላው የአንድ ጣት ስፋት ያኽል ዞረ። ከዚያም የሞተሩ ራስ ተከፍቶ በሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ተጣብቆ የቀረው ቫልቭ ወደ ቶርኖ ቤት ተላከ። ማንቸስተር የምትኖረው እኅታችን የውሃ ፖምፓውንና የፍሬን ጎማዎቹን በመንገደኛ ሻንጣ ላከችልን፤ አሥራ ስምንት ዓመት «እስኪገኝ» የተባለው ፖምፓ ከአንድ ጫማ ካርቶን ውስጥ ወጣ።

ሻንሲው ግን ከሁሉ የባሰው ነበረ። ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፤ የበሰበሰው ከውስጥ ነው። አባታችን በዚህ ጊዜ በርጩማ አስመጥተው አጠገቡ ተቀመጡና ትንሽ መዶሻ ጠየቁ። ጤነኛ ብረት ሲመቱት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ግን እንደ እርጥብ እንጨት ዝም ይላል። እርሳቸው እየመቱ ሲያዳምጡ እኛ በጠመኔ ምልክት አደረግን፤ ከኋላ ያለው አግዳሚና የግራው ክንድ ግማሹ ነጭ ሆነ። በያጁ መጥቶ ሲቆርጠው ጠመኔው ከተጻፈበት ቦታ አልፎ መሄድ አላስፈለገውም። በ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተተካ።

ከኋላ ባለው የአሉሚኒየም ግድግዳ ላይ በቀለም የተደፈኑ አራት ቀዳዳዎች አገኘን። መካኒኩ በብየዳ ይዘጉ አሉ፤ ታላቅ ወንድማችንም መኪናዪቱ አዲስ እንድትመስል ይፈልጉ ስለ ነበር ተስማሙ። አባታችን ይህን ሰምተው እጃቸውን ምሩኝ አሉ። ጣታቸውን በአንደኛው አገቡ፤ ወደ ሁለተኛው ስንዝራቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ ወደ ታች ለኩ። «የመርዙ ጋን ማሠሪያ ነው» አሉ። የነዱት ይህችኑ ራስዋን ነው ብለው አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም፤ ነገር ግን ሐራጁ ላይ ሌሎች ብዙ መኪናዎች ቆመው ሳሉ ይህችን ለምን እንደ መረጡ ያን ጊዜ የገባን መሰለን። ቀዳዳዎቹ ሳይዘጉ ቀሩ። አሮጌን ዕቃ ማደስ ማለት የኖረበትን ሥራ ከላዩ መፋቅ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በከተማችን ታድሰው የምናያቸው አንዳንድ ነገሮች ይህን ይመሰክራሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ቀለሙንም ቢሆን ከበሩ ማጠፊያ ሥር የተረፈውን አሸዋማ ቀለም አስመስለን አስቀባን፤ ወንድማችን የወደዱት ቀይ ነበር።

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ከካንዴላዎቹ የሚመጡት ገመዶች ተደበላልቀው ማን ወደ ማን እንደሚሄድ ሲያከራክር፤ አባታችን ከበርጩማቸው ላይ ሆነው «አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት» አሉ። እንደ ውዳሴ ያኽል በቃላቸው ይዘውት ኖረዋል። በዚያው ተራ ታሠረ፤ ባትሪ ተገጠመ፤ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ በሦስተኛው ተነሣ። ጢሱ ግቢውን ሞላው፤ ዶሮዎቹም ሸሹ። አባታችን ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ሦስተኛው ቫልቭ ጠብቆአል፤ አላሉት» ብለው አዘዙ። እውነትም ነበረ።

ስለ ሊብሬው ረጅም ታሪክ አለ፤ ነገር ግን አንባብያን አብዛኞቹ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ስለ ሆኑ ብንዘለው አይቀየሙንም። የቀድሞውን ፋይል የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሰባት ጊዜ ተመላለስን፤ በመጨረሻ ተገኘ። ምርመራውን አልፋ ቦሎ ለጠፍንባት።

የመጀመሪያውን ጉዞ ያደረግነው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ በሚወስደው በኩል ነው፤ ብዙ ዘመን ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ወደ ጀመረው። አባታችን ከፊት ወንበር ተቀመጡ። የዚህች መኪና አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ እንዲሁ አይገባም፤ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ መርገጥ፤ በመካከሉም ቤንዚን መስጠት ያሻል። ያንን ልክ በጆሮአቸው እየጠበቁ «አሁን» ይላሉ፤ ማርሹም ሳይጮኽ ይገባል። መረሬው እርጥብ ከሆነበት ቦታ ስንደርስ እጃቸውን ዘርግተው ቢጫውን እንቡጥ ወደ ታች ተጫኑት፤ የፊት ጎማዎች ያዙና ወጣን። ብርሃን በዛፎቹ መካከል ሲያልፍ ፊታቸውን ወደ እርሱ ያዞሩ ነበር። ምን እንደሚታያቸው ጠየቅናቸው። «መንገዱ ነጭ ነው» አሉን።

መኪናዪቱ ዛሬ በየቅዳሜው ትነሣለች፤ ጠብታውም ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ዘይት ማንጠባጠብዋን አልተወችም፤ ከካምቢዮዋ ሥር የወተት ጣሳ አኑረንበታል። አባታችን በየማለዳው ጣሳውን አምጥተን በጣታቸው እንዲለኩት ያዝዙናል፤ ባለፈው ሳምንት ግማሽ ጣት ነበረ።