ምኑ ነው የሚያረጀው? አሮጌና አዲስ ስፒከሮችን ሳወዳድር የተነሣብኝ የምጣኔ ሀብት ጥያቄ

እኛ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ስለ ዕቃ እርጅና ስንጽፍ አንድ ቁጥር ይበቃናል። መኪና በዓመት ይህን ያህል በመቶ፣ ኮምፒውተር ይህን ያህል በመቶ ዋጋውን ያጣል ብለን ሞዴላችን ውስጥ እናስገባና ወደ ቀጣዩ ጉዳይ እናልፋለን። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ማቃለል ብዙም ጉዳት የለውም። ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት ለመኖሪያ ቤታችን የቤት ሲኒማ ስፒከሮችና ሰብዉፈር ለመግዛት በተነሣሁ ጊዜ፣ ይህ የአንድ ቁጥር አስተሳሰብ ለአንድ ተራ ሸማች እንኳ መንገድ ማሳየት እንደሚሳነው ተመለከትሁ። ገበያው «አዲስ» እና «አሮጌ» ብሎ የሚከፍለው ዕቃ በውስጡ እጅግ በተለያየ ፍጥነት የሚያረጁ ክፍሎችን ይዟል። ስለሆነም ከዕቃው ዕድሜ ይልቅ የሚጠቅመን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከክፍሎቹ የትኛው ቀድሞ ያረጃል? ያ ክፍልስ ብቻውን ሊተካ ይችላልን?

ግዢው የቅንጦት አልነበረም። ሜሪላንድ ውስጥ ከእኛ ጋር የምትኖረው እናቴ ሰባዎቹን አጋምሳለች። ማታ ማታ የአማርኛ ተከታታይ ድራማዎችን ትመለከታለች። ሙዚቃው ይሰማታል፤ ቃሉ ግን ያመልጣታል። በመጀመሪያ «ምን አለች?» እያለች ትጠይቀን ነበር፤ እየቆየች መጠየቋን ተወች። ያሳሰበኝ ይህ ዝምታ ነው፤ በሰው አገር ለሚኖር አዛውንት በገዛ ቋንቋው የሚሰማው ጨዋታ ከመዝናኛ በላይ ነውና። የመስማት ምርመራ ስታደርግ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ መጠነኛ መቀነስ እንዳለ ተነገረን። የችግሩ ትልቁ ድርሻ ግን ከቴሌቪዥኑ ነበር።

የቀድሞው ባለ ሣጥን ቴሌቪዥን ጥልቀት ስለነበረው ስፒከሩ ብዙውን ጊዜ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ይቀመጥ ነበር። የዛሬው ቴሌቪዥን ግን እጅግ ቀጭን በመሆኑ ትንንሾቹ ስፒከሮች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳው ይጮኻሉ። በአሜሪካ የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ መሠረት የቴሌቪዥን ዋጋ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ ወርዷል። ከዚህ ቅናሽ ከፍተኛው ድርሻ የስክሪኑን ስፋትና የምስሉን ጥራት መሻሻል እንደ ዋጋ ቅናሽ ከሚቆጥረው የጥራት ማስተካከያ የመጣ ነው። ቴሌቪዥኑ ድምፁን ሲያጣና ቤተሰቡ ድምፁን ለብቻው ለመግዛት ሲገደድ፣ ወጪው ወደ ሌላ መደብ ይዛወራል። በኢንዴክሱ ላይ ርካሽ የሆነው ዕቃ በቤታችን ሒሳብ ላይ ያን ያህል ርካሽ አልነበረም።

የበሰለው ክፍል

ስፒከር በመሠረቱ ቀላል መሣሪያ ነው፤ በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅልል፣ ከጥቅልሉ ጋር የተያያዘ ኮን፣ ሁለቱን የያዘ ሣጥን። ዛሬም የምንጠቀምበትን ንድፍ ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ በ1925 በጄኔራል ኤሌክትሪክ ሠርተው አቅርበውታል። ኤድጋር ቪልቸር በ1954 ባወጣው የታሸገ ሣጥን ጥልቅ ድምፅ ከትንሽ ሣጥን ሊወጣ እንደሚችል አሳየ። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኮኑንና የሣጥኑን ግንኙነት በስሌት አስቀመጡት። በ1980ዎቹ ፍሎይድ ቱል በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ባካሄዳቸው ምርመራዎች፣ አድማጮች የሚሰሙትን ስፒከር ሳያዩ ሲመርጡ ምርጫቸው በአመዛኙ ተመሳሳይ እንደሚሆንና ይህም ምርጫ በመሣሪያ ከሚለካው ባሕርይ ጋር እንደሚገጥም አረጋገጠ። በሌላ አነጋገር፣ መልካም ስፒከር እንዴት እንደሚሠራ በ1990ዎቹ በሚገባ ታውቆ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መሻሻል የለም ማለት አይደለም። የኮምፒውተር ንድፍና የመለኪያ መሣሪያ ርካሽ በመሆናቸው የዛሬው ርካሽ ስፒከር ከያኔው ርካሽ ስፒከር በእጅጉ ይሻላል። በምርጦቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን ጠባብ ነው። የቴክኖሎጂው ወለል ከፍ ብሏል፤ ጣሪያው ብዙም አልተነቃነቀም። አሮጌ ስፒከር የሚገዛ ሰውም ይህን ማወቅ ይኖርበታል፤ የሚያዋጣው ትናንት ምርጥ የነበረውን በዛሬው ተራ ዋጋ መግዛት ነው።

እኔም ይህንኑ ቤቴ ውስጥ ፈተንሁ። በ1990ዎቹ የተሠሩ ጥንድ የቁም ስፒከሮች በ150 ዶላር ገዛሁ፤ መመለስ በሚቻልበት ውል ደግሞ 900 ዶላር የሚያወጣ አዲስ ጥንድ አስመጣሁ። ሁለቱንም በስስ መጋረጃ ጋረድሁና ድምፃቸውን በመለኪያ አስተካከልሁ፤ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚሰማ ድምፅ ለጆሮ ሁልጊዜ «የተሻለ» ይመስላልና። መጋረጃውም ለጨዋታ አልነበረም፤ ሾን ኦሊቭና ቱል በ1994 ባቀረቡት ጥናት አድማጮች ስፒከሩን ሲያዩት የሚሰጡት ነጥብ ሳያዩት ከሚሰጡት ተለይቶ ተገኝቷል። እናቴ፣ ባለቤቴና አንዲት ጎረቤታችን ዳኞች ሆኑ። ሦስት ሰው ለጥናት የሚበቃ ናሙና አይደለም፤ ለአንድ ቤት ውሳኔ ግን ይበቃል። በንግግር ላይ ምርጫቸው ወጥነት አልነበረውም፤ አንድ ጊዜ አሮጌውን፣ ሌላ ጊዜ አዲሱን መረጡ። ከፍ ባለ ሙዚቃ ላይ ባለቤቴ አዲሱን ትንሽ አዘወተረ። የ750 ዶላሩን ልዩነት የሚያስረዳ ነገር ግን አላገኘሁም፤ አዲሱን ጥንድ መለስሁት።

የተራመደው ክፍል

ሰብዉፈር ሌላ ታሪክ አለው። «የሆፍማን የብረት ሕግ» የሚባለው መርሕ እንዲህ ይላል፤ ጥልቅ ድምፅ፣ ትንሽ ሣጥንና በጥቂት ኃይል ብዙ ድምፅ፣ ከሦስቱ ሁለቱን ምረጥ። ሕጉ ዛሬም አልተሻረም። የተለወጠው የኃይል ዋጋ ነው። የቀድሞዎቹ አምፕሊፋየሮች ከሚወስዱት ኤሌክትሪክ ብዙውን ወደ ሙቀት ይለውጡት ነበር፤ የዛሬዎቹ ክላስ ዲ የሚባሉት እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ወደ ስፒከሩ ያደርሳሉ። ስለዚህ ዲዛይነሩ ቅልጥፍናን መሥዋዕት አድርጎ በትንሽ ሣጥን ጥልቅ ድምፅ ማውጣት ይችላል፤ ዲጂታሉ መቆጣጠሪያም ኮኑ ከአቅሙ በላይ እንዳይወጠር ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው ልዩነት ክፍሉን የሚመለከት ነው። የ40 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ከአብዛኞቻችን ሳሎን ይረዝማል። አምስት ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል በ34 ኸርዝ ገደማ ራሱ ያስተጋባል፤ አንዱ ወንበር ላይ ቤዙ ሲደልቅ ሌላው ላይ ይጠፋል። በ2002 ቶድ ዌልቲ ያቀረበው ጥናት ሁለት ወይም አራት ሰብዉፈሮችን በተገቢው ቦታ ማስቀመጥ ይህን መዛባት እንደሚቀንስ አሳይቷል። የዛሬ ሪሲቨሮች ደግሞ በማይክሮፎን ክፍሉን ለክተው ድምፁን ያርማሉ። ከ25 ዓመት በፊት በተራ ሸማች ቤት ይህ አልነበረም። ስለዚህ ሰብዉፈሩንና ሪሲቨሩን አዲስ ገዛሁ፤ 450 እና 400 ዶላር።

የእናቴን ጥያቄ የመለሰው ግን በ200 ዶላር የተገዛው የመካከለኛው ስፒከር ነው። በፊልም ሥራ ንግግር በአመዛኙ ወደ መካከለኛው ስፒከር ይላካል። በሁለት ቻናል ብቻ የተቀረጸ ድራማ ሲመጣም ሪሲቨሩ ለሁለቱም የጋራ የሆነውን ድምፅ ለይቶ ወደ መሐል ይወስደዋል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ለሰብዉፈሩ ሰጥቼ መካከለኛውን በሦስት ዴሲቤል ከፍ አደረግሁት። እናቴ ሁለት ክፍል በተከታታይ አይታ «ልጄ፣ አሁንስ ሰዎቹ እዚሁ ሆነው የሚያወሩ መሰለኝ» አለች።

የአሮጌ ዕቃ ገበያ

ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ መጥፎው ዕቃ መልካሙን እንደሚያባርረው አስረድቷል። የመረጃው ክፍተት ግን ለሁሉም ዕቃ እኩል አይደለም። የስፒከር ምርመራ ርካሽ ነው። የፊት ጨርቁን አንሥቶ በኮኑ ዙሪያ ያለውን ቀለበት ማየት ይቻላል፤ ስፖንጅ ከሆነ ከ15 እና 20 ዓመት በኋላ ይፈረፈራል፤ ጎማ ከሆነ ብዙ ይቆያል። የተፈረፈረውንም በጥቂት ዶላር ማስለወጥ ይቻላል። ከዚያ የሚያውቁትን ዘፈን ማዳመጥ ነው። የአሮጌ ሰብዉፈር ጉድለት ግን ተሰውሮ ይኖራል፤ አምፕሊፋየሩ ዓመታት ሙሉ በሙቀትና በንዝረት ውስጥ ኖሯል፤ ደክሞ እንደሆነ በዐሥር ደቂቃ ፍተሻ አይታወቅም፤ መለዋወጫውም ብዙ ጊዜ አይገኝም። የአከርሎፍ ሥጋት ለስፒከሩ ሲላላ ለሰብዉፈሩ ይጠብቃል።

በአንድ ሣጥን የታሰሩ ዕድሜዎች

ቀሪው አማራጭ 700 ዶላር የሚያወጣ ሳውንድባር ነበር። በሳውንድባር ውስጥ ለ20 ዓመት የሚቆይ ኮን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድጋፍ ከሚቋረጥበት ሶፍትዌር ጋር ይታሸጋል፤ የጠቅላላው ዕድሜ በአጭሩ ይወሰናል። ሶኖስ በ2020 ለአንዳንድ ቆየት ያሉ ምርቶቹ የሶፍትዌር ማሻሻያ ማቅረብ እንደሚያቆም ሲያስታውቅ ብዙዎች የተቆጡት ለዚህ ነው፤ ኮኖቹ አላረጁም ነበር። ሮናልድ ኮዝ በ1972 እንዳስገነዘበው፣ ዘላቂ ዕቃ የሚሸጥ ኩባንያ ትናንት ከሸጠው ዕቃ ጋር ይወዳደራል። ዘላቂውን ከአላቂው ጋር ማሰር ከዚህ ውድድር መውጫ አንዱ መንገድ ነው።

ለሳውንድባሩ ፍትሕ ለመስጠት ሒሳቡን ላቅርብ። የኔ ስብስብ 1,200 ዶላር ፈጀ። የቁም ስፒከሮቹና መካከለኛው 20፣ ሰብዉፈሩ 10፣ ሪሲቨሩ 8 ዓመት ያገለግላሉ ብዬ፣ ሳውንድባሩን ደግሞ 6 ዓመት ብዬ ገመትሁ። ወለድ ካልታሰበ የኔው በዓመት 113፣ ሳውንድባሩ 117 ዶላር ያህል ይመጣል። አምስት በመቶ ወለድ ሲታሰብ ግን የኔው 148፣ ሳውንድባሩ 138 ይሆናል። ዘላቂነት የሚያዋጣው ገንዘቡ ርካሽ ለሆነለት ሰው ነው። ጄሪ ሃውስማን በ1979 በአየር ማቀዝቀዣ ግዢ ላይ ባደረገው ጥናት፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦች ለወደፊት ቁጠባ የሚሰጡት ክብደት እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። በየሁለት ዓመቱ ቤት ለሚቀይር ወይም ሦስት መቶ ዶላር ብቻ በእጁ ላለ ሰው «ዘላቂ ግዛ» የሚለው ምክር ባዶ ነው። እኔ በዓመት ዐሥር ዶላር ጨምሬ የገዛሁት የተሻለ ድምፅና ክፍሉን ለይቶ የመተካት መብት ነው።

ይህ መብት ቀስ በቀስ ወደ ሕግ እየገባ ነው። በ2023 የጸደቀው የካሊፎርኒያ የጥገና መብት ሕግ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሚያወጡ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች አምራቹ መለዋወጫና የጥገና መረጃ ለሰባት ዓመት እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የአውሮፓ ኅብረት የ2024 መመሪያ የልብስ ማጠቢያን፣ ማቀዝቀዣንና የእጅ ስልክን ይሸፍናል፤ ስፒከር በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሁለቱም ትኩረታቸው የተሰበረው እንዲጠገን ነው። የኔ ሐሳብ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ዕድሜያቸው የተለያዩ ክፍሎች መጀመሪያውኑ ተለያይተው እንዲሠሩ ማበረታታት ያስፈልጋል።

ወደ አገር ቤት ዕቃ ለምንልክ ለኛ ጉዳዩ የበለጠ ይጨበጣል። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120፣ የኢትዮጵያው 220 ቮልት ነው። አምፕሊፋየር በውስጡ የሌለው ስፒከር ሶኬት የለውም፤ አዲስ አበባም ቢደርስ ያው ስፒከር ነው። ባለ አምፕሊፋየሩ ሰብዉፈር ግን ቮልቴጅ መቀየሪያ ከሌለው ያለ ትራንስፎርመር ሲሰካ ይቃጠላል። ለሆስፒታል ለሚለገስ መሣሪያም ጥያቄው ይኸው ነው። «አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ?» ከማለት በፊት፣ የትኛው ክፍሉ ቀድሞ እንደሚደክምና ያ ክፍል በሚደርስበት ከተማ ሊተካ ይችል እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ሪሲቨሩን ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ እንደምቀይረው ከወዲሁ አውቃለሁ፤ በበጀቴም አስፍሬዋለሁ። የሰብዉፈሩ አምፕሊፋየርም አንድ ቀን ይደክማል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡት ስፒከሮች ግን ያን ጊዜ ከሚመጣው አዲስ ሪሲቨር ጋር በሁለት ሽቦ ብቻ ይገናኛሉ።