የበቅሎዋ አባት

ሰው የሚወደውን ነገር ሲያመሰግን ዐይኑ አንድ ብቻ ይሆናል። ፈረስ ወዳድ የፈረሱን ግልቢያ እንጂ እርግጫውን አያወራም፤ ጠጅ ወዳድም የጠጁን ጥፍጥና እንጂ የማግሥቱን ራስ ምታት አያነሣም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የአውቶሞቢል ፍቅር ያደረብኝ ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ በመምህርነት ደመወዝ የራሴን ለመግዛት አልቻልኩምና፣ ፍቅሬን የምወጣው ሌላው ሰው ምን መግዛት እንዳለበት በመምከር ነበር። ምክር ከመካሪው ኪስ ሳንቲም አያወጣም፤ እንደ እርሱ ያለ ርካሽ ደስታም አላየሁም።

የምኖረው በገንዳ ውኃ ነው፤ ሸኽዲ ብሎ የሚጠራትም ብዙ ነው። በመተማ በረሃ ከየካቲት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ፣ ሰው ከሰው የሚጫወተው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። እኛም ማታ ማታ አንዲት ቡና የምታፈላ ሴት ደጃፍ፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ በርጩማ ስበን እንቀመጥ ነበር። አንዱ አይሱዙና ትራክተር የሚጠግን መካኒክ ነው፤ አንዱ በስልኩ ስለ መኪና ሲያነብ የሚያመሽ የባንክ ጸሓፊ ነው፤ ሦስተኛው እኔ ነኝ። አራተኛው፣ ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ፣ ሰሊጥ የሚያርስ የረጅም ጊዜ ወዳጄ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ወዳጄ ሰሊጡን በደኅና ዋጋ ሸጠና የቤተ ሰብ መኪና ሊገዛ ዐሰበ። ሚስት፣ ሦስት ልጆችና አንዲት አሮጊት እናት አሉት። እናቱ ስኳር አለባቸውና በየጊዜው ጎንደር ሐኪም ዘንድ መቅረብ ነበረባቸው። በአውቶቡስ መጨናነቁ አድክሟቸው ነበር። አዲስ መኪና ከዐቅሙ በላይ ሆነበት፤ ያገለገለ ከውጭ ማስመጣትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ስለ ጣለ የማይሞከር ሆነ። ስለዚህ ቀድሞ አገር ቤት ከገቡት መካከል ሲያፈላልግ አንዲት ትንሽ የጃፓን ሥሪት ሃይብሪድ ተገኘችለት።

ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ሃይብሪድ የሚባለው አውቶሞቢል ሁለት ኃይል አለው፤ አንዱ ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር፣ ሁለተኛው በባትሪ የሚዞር የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሁለቱ እየተፈራረቁ፣ ሲያስፈልግም እየተጋገዙ ይነዷታል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ፈርዲናንድ ፖርሽ በ1893 ዓ.ም. ገደማ እንዲህ ያለ ሠረገላ ሠርቶ ነበር። ይህም ለዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመግባቷ በፊት መሆኑ ነው። ነገር ግን በብዛት ተሠርቶ ለሕዝብ መሸጥ የጀመረው የቶዮታ ፕሪየስ በ1990 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ከወጣ ወዲህ ነው። የዚህ ዓይነቷ መኪና ባትሪ ከግድግዳ ተሰክቶ አይሞላም። ሞተሩ ይሞላዋል፤ ደግሞም ፍሬን ሲያዝና ቁልቁለት ሲወረድ ሙቀት ሆኖ በከንቱ ይጠፋ የነበረውን ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ ለውጣ ታስቀምጠዋለች።

ይህን ለወዳጄ ስነግረው መካኒኩ ሣቀና፣ «መምህር፣ እንዲህ ከሆነችማ በቅሎ ናት! አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ አጎቴ ፈረስ ነው እንዳለችው እንዳይሆን» አለ። ሁላችንም ሣቅን። እኔም ሣቅሁ።

ክርክሩ ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። የባንኩ ልጅ ከስልኩ እያነበበ የሊትሩን ቍጥር ያወጣል፤ ለ100 ኪሎ ሜትር ሌላው መኪና ሰባትና ስምንት ሊትር ሲጠጣ ይህች በአምስት ትደርሳለች ይላል። በእኛ አገር ቤንዚን ከማደያ የሚጠፋበትና በየመንገዱ ዳር በላስቲክ ዕቃ በእጥፍ የሚሸጥበት ወራት ብዙ ነውና፣ ነገሩ ጆሮ የሚስብ ነበር። እኔም ጨመርኩበት። ከአይከል ወደ ቆላው ቁልቁል ሲወረድ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ 700 ሜትር ገደማ ወደሆነው በረሃ ድረስ፣ ተራራው ራሱ ባትሪ ይሞላልሃል አልኩት። ማቀዝቀዣዋም በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ እናትህ ንፋስ ያገኛሉ አልኩት። የፍሬኗ ሸራ ቶሎ አያልቅም፤ ዲናሞና ሞተሪኖ የሚባል ነገር የላትምና አይበላሽብህም አልኩት። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ያልተናገርኩት ደግሞ ይህ ነው። ባትሪዋ ትንሽ ስለሆነች በረጅም ቁልቁለት ላይ ቶሎ ትሞላለች፤ ከሞላች በኋላ የተራራውን ስጦታ የምታኖርበት ቦታ የላትም። የነዳጁ ቁጠባ የሚታየው እየቆሙ በሚሄዱበት ከተማ ውስጥ ነው እንጂ፣ ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት ሲወጣ ያው የቤንዚኑ ሞተር ነው የሚለፋው። ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ነው። ባትሪዋ ከኋላው ወንበር አጠገብ ስለሆነች የምትተነፍሰው ከተሳፋሪው ክፍል ነው፤ በወንበሩ ጎን ወንፊት የመሰለች ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ በእርሷ በኩል ማራገቢያ አየር ይስባል። ቀዳዳዋ ከተዘጋች ወይም አቧራ ከሞላባት ባትሪዋ ትግላለች፤ ሙቀት ደግሞ የባትሪ ጠላት ነው። እኛ ደግሞ ያለነው ከሙቀትና ከአቧራ አገር ነው።

ይህን ዐውቅ ነበር። መካኒኩም አንድ ማታ፣ «በዚህ ሐሩር ባትሪዋን ማን ያቀዘቅዛታል?» ብሎ በቀጥታ ጠየቀኝ። እኔም «ራሷ ታቀዘቅዛለች» አልኩት። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ከእርሱ በኋላ ሊከተል የሚገባውን ዋጥኩት። ለምን ቢባል፣ ያን ማታ ክርክሩን ረትቼ ነበርና፣ የረታሁትን ሰው በገዛ እጄ ድንጋይ ላቀብለው አልወደድኩም። ወዳጄ በማግሥቱ ገንዘቡን ከፈለ።

በሚያዝያ የእናቱ ቀጠሮ ደረሰና እኔም ጎንደር ጉዳይ ስለነበረኝ አብሬ እንድሄድ ጋበዘኝ። የወዳጄ ሚስት አማቷን የምትወድ ሴት ናት። መንገዱ እንዳይጎዳቸው ብላ ስስ ፍራሽ አጥፋ ከኋላው ወንበር ላይ አነጠፈች፤ የተረፈውን በጎን በኩል ወተፈችው፤ በላዩም ጋቢ ደረበች፣ ለዘመድ የሚሰጥ የሰሊጥ ከረጢትም አስደገፈች። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ወደ ኋላ ዞሬ ነበር። ቀዳዳዋ ስትሸፈን በዐይኔ አየሁ።

አንባቢ ሆይ፤ ያን ጊዜ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ነገር ግን ያን ቃል ባወጣ ወዳጄ «ይህን ከየት አመጣኸው? ለምን ቀድሞ አልነገርከኝም?» ሊለኝ ነው። ምናልባት ምንም አይሆንም ብዬ ወደ ፊት ዞርኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ጎንደር ግንቦች እያወራሁ ሄድኩ፤ ብዙ እንዳወራሁ ትዝ ይለኛል።

ረፋዱ ላይ ነጋዴ ባሕርን ዐልፈን ወደ አይከል የሚወስደውን ዳገት ስንጀምር ከመሪው ፊት መብራት በራ። ጥቂት ቆይቶ መኪናዋ እንደ ደከመ በሬ ትጎተት ጀመር። ወዳጄ ዳር አስይዞ አቆማት። በዚያ ቦታ የረባ ጥላ አልነበረም። እናቱን አውርደን ከአንድ ቅጠሉ የረገፈ ግራር ሥር አስቀመጥናቸው፤ ሚስቱ በነጠላዋ ታራግብላቸዋለች፤ ውኃ ይጠጣሉ፣ ወዲያው ይጠማሉ። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ ወደ ኋላ ሄጄ ፍራሹን ጎትቼ አወጣሁ፤ ከረጢቱን አነሣሁ፤ በሮቹን ሁሉ ከፈትኩ። እጄን ከቀዳዳዋ ላይ ባደርግ እንደ ምጣድ ታቃጥላለች።

ወዳጄ ከበላዬ ቆሞ ያይ ነበር። መኪና ዐዋቂ ስላልሆነ የበራውን መብራት ትርጕም አያውቅም፤ የሰውን ፊት ግን ያነባል።

«መምህር፣ ይህን ታውቀው ነበር?» አለኝ።

«ዐውቅ ነበር» አልኩት።

አልተቆጣም። ቢቆጣ በወደድኩ። ዝም ብሎ ፍራሹን ከመሬት አንሥቶ አቧራውን አራገፈና ለእናቱ ከግራሩ ሥር አነጠፈላቸው። እርሳቸውም የሆነውን ሲሰሙ፣ «ፍራሹን እኔ መች ጠየቅሁ? ብትነግሩኝ በባዶው እቀመጥ ነበር» አሉ። ነገሩን የተናገሩት ለልጃቸው ነው፤ የደረሰው ግን እኔ ዘንድ ነው።

ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ ሲመጣ ሾፌሩ እናትዮዋን ከጋቢናው አሳፍሮ ከምራታቸው ጋር ወደ አይከል ወሰዳቸው። እኛ መኪናዋ እስክትበርድ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። በእነዚያ ሁለት ሰዓቶች ከወዳጄ ጋር የተለዋወጥነው ቃል ከዐሥር አይበልጥም። ጎንደር ስንደርስ የቀጠሮው ሰዓት ዐልፎ ነበር፤ በማግሥቱ ታዩና እግዚአብሔር ይመስገን በደኅና ተመለሱ። በኋላ መካኒኩ ማራገቢያውን ፈቶ ቢያየው በሰሊጥ ገለባና በቀይ አቧራ ተደፍኖ አገኘው፤ ማጽዳቱ ከግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ወደ እኔ ቀና ብሎ፣ «መምህር፣ አህያው ይኸው!» አለኝ። ያን ጊዜ አልሣቅሁም።

እኔ መኪናዋን አልከስስም። ለአገልግሎቷ የሚገባውን ጥንቃቄ ካገኘች ደግ መኪና ናት፤ ወዳጄም እስከ ዛሬ ይነዳታል፣ በቤንዚንም በኩል እንደ ተጠቀመ ራሱ ይመሰክራል።

ከኒሙ ሥር ያለው ክርክርም አልቆመም። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ከተሰማ ወዲህ፣ የባንኩ ልጅ ወሬው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ ሆኗል። ከጎንደር ወደ ገዳሪፍ የተዘረጋው ትልቁ የመብራት መስመር በከተማችን በኩል እያለፈ እኛ ምን ቸገረን ይላል። መካኒኩ መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ምን ልትሆን ነው ብሎ ይመልስለታል። እኔንም ይጠይቁኛል። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፤ ከክፉው ስለምጀምር ግን ጨዋታው እንደ ድሮው አይሞቅም፤ አንዳንዴም «መምህር አረጁ» ይላሉ።

ባለፈው የትንሣኤ በዓል ወዳጄ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ወደ ቤቴ ሲሸኘኝ እናቱም ንፋስ ልቀበል ብለው አብረው ወጡ፤ ከፊተኛው ወንበር፣ ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ፤ አሁን ቦታቸው እርሱ ሆኗል። እኔ ከኋላ ገባሁ። ወዳጄ ሞተሩን ሳያስነሣ በመስተዋቱ አየኝና፣ «መምህር፣ ጋቢህን ሰብሰብ አድርገው» አለኝ። ጋቢዬን ከቀዳዳዋ ላይ አነሣሁና ጉልበቴ ላይ አደረግሁት።