ረጅም ሞተር፣ አጭር ሞተረኛ

ያማሃ አር 6 የሚባለው ስፖርት ሞተር ወንበሩ ከመሬት 85 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ57 የሆነች ሴት ደግሞ ከብሽሽቷ እስከ ተረከዟ 72 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስትቀመጥበት ሞላው ጥቂት ይወርዳል፣ የጫማዋ ሶልም ይጨምርላታል፤ ቢሆንም ቀይ መብራት ላይ አስፋልቱን የምትነካው በጣቷ ጫፍ ነው። 190 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ከጀመረ በጣት ጫፍ አይመለስም። ከዋሽንግተን ዲሲ እስከ ፍራንክፈርት ስፖርት ሞተር ለሚመኙ አጠር ያሉ ሐበሾች ዋናው ጣጣ ይኼ ነው። መላው ግን እንደየአገሩ ይለያያል።

በውጭ አገር መላው ብዙ ጊዜ በካርቶን ታሽጎ ይመጣል። አብዛኞቹ የጃፓን ስፖርት ሞተሮች የኋላውን ሾክ አብዞርበር የሚይዙ «ዶግቦን» የሚባሉ ሁለት አጫጭር ብረቶች አሏቸው። እነሱን ጥቂት ሚሊ ሜትር በሚረዝሙ ሲተኩ የኋላው አካል ይወርዳል፤ ብረቱ የሚሠራው እንደ ማንሻ ስለሆነ የጥቂት ሚሊ ሜትር ለውጥ ወንበሩ ላይ ሲደርስ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዋጋው መኪና ጎማ ከማስቀየር ብዙም አይበልጥ፣ ሥራው ቡሎን ፈትቶ ማሰር ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የኋላው ብቻ ወርዶ የፊቱ በነበረበት ከቀረ፣ የፊት ሹካው ወደ ኋላ ይጋደማል። ያን ጊዜ መሪው ይሰንፋል፤ ኩርባ ላይ ሞተሩ እሺ ብሎ አይታጠፍም። ስለዚህ የሹካው ቱቦዎች ከያዛቸው ማቀፊያ ወደ ላይ መውጣት አለባቸው፤ ምን ያህል እንደሚወጡም በመለኪያ እንጂ በግምት አይወሰንም። ሥራው በዚህም አያበቃም። የሰንሰለቱ ጥብቀት እንደገና ይለካል። ጉድጓድ ላይ ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ጎማው ከጭቃ መከላከያው ጋር እንዳይፋተግ ይታያል። የፊት መብራቱ ወደ ሰማይ ካየ ይስተካከላል። ብዙዎች የሚረሱት የጎን ማቆሚያውን ነው፤ ሞተሩ አጥሮ ማቆሚያው ካላጠረ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ትንሽ ገፋ ያደረገው ሁሉ ይጥለዋል። ሳያስበው የቆመ ሞተሩ ወድቆ የሚያገኘው ሰው ጥፋቱ ያለው እዚያች ሳታጥር በቀረች ብረት ላይ መሆኑ አይታየውም።

ጀርመን ይህን ሁሉ ለባለቤቱ ጥንቃቄ ብቻ አትተወውም። ዕቃው ተገቢው የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ ወረቀቱ ምርመራ የሚጠይቅ ከሆነም እንደ ቲዩቭ ያለ ድርጅት ባለሙያ አይቶት በሞተሩ ሰነድ ላይ ይመዘገባል። ብዙ ስደተኛ ወገን ይህ ቢሮክራሲ ይመስለዋል። ቢሆንም ሞተረኛውን ከራሱ ችኮላ የሚያድን ደንብ ነው። በአሜሪካ ዕቃው ተገዝቶ ቤት ውስጥ ሊገጠም ይችላል። እዚያ ሞተር ማሳጠር የአጫጭሮች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሱዙኪ ሃያቡሳን የመሰሉ ሞተሮች ለቀጥታ መስመር ውድድርና ለመልክ ሲባል ዝቅ ተደርገው የኋላ ክንዳቸው ይረዝማል። ከእነዚህ መልክ ተቀድቶ ለዕለት ተዕለት መንገድ የተሠራ ሞተር ኩርባ ላይ ሆዱ አስፋልት ይፍቃል።

አገር ቤት ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተርን እንቅስቃሴ ገድባለች፤ በክልል ከተሞችና በገጠር ግን እንደ ቦክሰር ያሉ ትናንሽ ሞተሮች የዕለት ጉርስ ናቸው። ከኋላቸው ሁለት ሾክ አብዞርበር እንጂ ዶግቦን የላቸውም። ሰው አፈናጠው፣ ጆንያ ጭነው ይጓዛሉ፤ መንገዱ ኮብልስቶን፣ ፒስታና የፍጥነት መግቻ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ሞተሩን ማሳጠር ሆዱን ለድንጋይ መስጠት ነው። ስለዚህ አጭር ሰው የሚጠጋው ወደ ወንበር ሰፊው ነው፤ ስፖንጁ ይጎረዳል፣ የፊተኛው ክፍል ጎንና ጎኑ ይጠባል፣ በላዩ አዲስ ልብስ ይለብሳል። ማጥበቡ ከመጎረዱ የማይተናነስ ጥቅም አለው፤ ሰፊ ወንበር ጭንን ወደ ጎን ስለሚከፍት የእግርን ርዝመት ይበላል። የቀረው በልምድ ይሞላል፤ ከመቆም በፊት ዳሌን ወደ ግራ ማንሸራተት፣ ግራ እግርን ሙሉ በሙሉ ማሳረፍ፣ ቀኙን ፍሬኑ ላይ መተው።

ይህ የአገር ቤት ዘዴ የዕቃ እጦት የወለደው ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ወንበሩ ቢነካ የሞተሩ ሚዛን ብዙም አይነካም፤ መሪው፣ ሹካው፣ ሰንሰለቱ በነበሩበት ይቆያሉ። ባሕር ማዶ ያለውም ሞተረኛ ከዶግቦን በፊት ወንበሩን ቢያስብ ብዙ ጣጣ ይቀርለታል።

የውድድሩ ዓለምም የቁመትን ነገር በሌላ ዓይን ያሳያል። ስፔናዊው ዳኒ ፔድሮሳ ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ገደማ ሲሆን በሞቶ ጂፒ 31 ጊዜ አሸንፏል። ከእርሱ የምታጥረው አና ካራስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 የሱፐርስፖርት 300 የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን በነጠላ ሞተረኛ የአስፋልት ውድድር የዓለም ሻምፒዮን የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ሞቶ ጂፒ ላይ ሞተሩን ዝቅ የሚያደርጉ መሣሪያዎች አሉ፤ ዓላማቸው ግን ሞተሩ በፍጥነት ሲወነጨፍ የፊት ጎማው እንዳይነሳ ነው፤ ወደ ኩርባው ሲደረስ ሞተሩ ተመልሶ ከፍ ይላል። እነሱም እ.ኤ.አ. ከ2027 ጀምሮ ይታገዳሉ። አጭር ሰው የሚቸገረው በፍጥነት ላይ አይደለም፤ መብራት ላይ፣ ዳገት ላይ፣ ሞተሩን ወደ ኋላ እየገፋ ሲያቆም ነው።

ገና ሞተር ለመግዛት ላሰበ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚቀለው የካታሎጉን ቁጥር ማንበብ ነው። ያማሃ አር 3 ወንበሩ 78፣ ካዋሳኪ ኒንጃ 400 ደግሞ 78.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከአር 6 ጋር ያላቸው ልዩነት ዶግቦን ከሚያወርደው ይበልጣል። አር 6 ካልሆነ ላለ ግን ወንበሩ ይቅደም፣ ዶግቦኑ ይከተል፤ የወለቁት ኦሪጂናል ብረቶችና ማቆሚያም ተጠቅልለው ይቀመጡ፤ ቀጣዩ ገዢ ረጅም ሊሆን ይችላል።