በርን ስለ መምረጥ

ሰው ቤት ሲሠራ ስለ በሩ ብዙ ያስባል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያስበው ከደጅ ቆሞ ለሚያየው ሰው ነው እንጂ ከውስጥ ለሚተኛው አይደለም። እኔም በዚህ ስሕተት ወድቄ ነበርና፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንተ እንዳትደግመው ታሪኩን እነግርሃለሁ።

አገሬ ዋግ ኽምራ፥ ከተማዬም ሰቆጣ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፥ ቀን ፀሐዩ ቢበረታም የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይቀዘቅዛል። በ2009 ዓ.ም. ለባጃጄ ማደሪያ የሚሆን ክፍል ከቤታችን ጋር አያይዤ አሠራሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው የእናቴ መኝታ ነበር፤ በመካከላቸው ያለው መዝጊያም ስስ ነው።

አናጢው «ወፍራም የሳንቃ በር ላብጅልህ» አለኝ። እኔ ግን በጎረቤቴ በር ቀንቼ ነበርና፥ የብረት አበባ የተበየደበትና በደማቅ ቀለም የተቀባ የላሜራ በር አሠራሁ። መንገደኛው ሁሉ ሲያደንቀው ደስ ይለኝ ነበር። ውጩ አምሮ፥ ውስጡን ለቄስ!

በታኅሣሥ አንድ ሌሊት አምሽቼ ስመለስ በሩን ብገፋው አንድ ነገር ያዘው። እጄን ሰድጄ ብዳስስ፥ የእናቴ የበግ ጠጉር ባና ተጠቅልሎ ከበሩ ሥር ተወትፏል። እርስዋ ጋቢዋን ብቻ ለብሳ ተኮራምታ ተኝታለች።

«እማዬ፥ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት።

«በሩን በጣም ወደድኸው፤ ደስታህን ላበላሽ አልፈለግሁም ልጄ» አለችኝ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ የበሩን አበባ ባየሁ ቁጥር አፍር ጀመር፤ ስለ በርም መጠየቅ ያዝሁ። ብረት ሙቀትን ከእንጨት በብዙ መቶ እጥፍ አብልጦ ያሳልፋል። ጧት ጧት በሩ በውስጥ በኩል የሚያልበውም የክፍሉ እርጥበት የቀዘቀዘውን ብረት ሲነካ ውሃ ስለሚሆን ነው። ባና ግን በጠጉሩ መካከል አየር አግቶ የሰውነትን ሙቀት ይጠብቃል እንጂ ራሱ እሳት የለውም። በብርድ አገሮች የሚሠሩት የጋራዥ በሮች ምሥጢርም ይኸው ነው፤ በሁለት ላሜራ መካከል ፎም ይሞላባቸዋል። ብርድን የመከላከል ኃይላቸውም «አር» በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ኃይሉም ይጨምራል። ዳሩ ግን ቁጥሩ ስለ መዝጊያው እንጂ በዙሪያው ስላለው ክፍተት አይናገርም። ከሥሩ ነፋስ የሚያሾልክ ከሆነ ወፍራሙም በር ከንቱ ነው።

ስለዚህ በሩን በውስጥ በኩል ፎም አስለጥፌ በጣውላ አለበስሁት፤ ዙሪያውንና ሥሩንም በጎማ አስደፈንሁ። ወጪው ለአበባው ከከፈልሁት አልበለጠም። ከዚያ ወዲህ የባጃጄን ሞተር ከደጅ አጥፍቼ እየገፋሁ አስገባታለሁ፤ ብርድ የማያስገባ በር ጢስም አያስወጣምና። የእናቴም ባና ወደ አልጋዋ ተመለሰ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የሚወድህ ሰው ብርዱን አይነግርህምና፥ ሳይነግርህ አንተው ፈልገህ ልታገኘው ይገባል። በር ስትመርጥ ከደጅ ቆመህ ብቻ አትመልከት። ገብተህ ዝጋው፤ መብራቱንም አጥፋ፤ ከቤተ ሰቡ ሁሉ ደካማው በሚተኛበት ቦታ ጥቂት ጋደም በል። የበሩን መልካምነት ያን ጊዜ ታውቃለህ።