ባለ ዘጠኝ እግሩ ቱርጁማን

ጥንት መኳንንቱ ከባሕር ማዶ ከመጣ እንግዳ ጋር ሲነጋገሩ በመካከል ቆሞ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርሰው ሰው ቱርጁማን ይባል ነበር። ዛሬ ቃሉ ከመጻሕፍት ገጽ ላይ ካልሆነ በቀር እምብዛም አይሰማም። እኔ ግን የቱርጁማንን ሥራ ሰሞኑን ያየሁት ከመርካቶ በገዛሁት፣ ከአውራ ጣት ብዙም በማይበልጥ የፕላስቲክ ዕቃ ላይ ነው። በአንድ ጫፉ ሁላችንም የምናውቀው የዩኤስቢ መሰኪያ አለው፤ በሌላው ጫፉ ዘጠኝ ቀጫጭን እግሮች፣ ከላይ አምስት ከታች አራት ሆነው ተደርድረውበታል።

ይህን ባለ ዘጠኝ እግር ሲሪያል ፖርት ወጣት አንባቢዎቼ ላያውቁት ይችላሉ። አር ኤስ 232 የተባለው ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ሞደሙም፣ ማውሱም፣ አንዳንዱ ፕሪንተርም ለብዙ ዘመን ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረው በእርሱ በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ዩኤስቢ መጣ፤ አሮጌው በር ከላፕቶፖች ጎን ላይ ቀስ በቀስ ተደፈነ። ዛሬም ግን በኔትወርክ መሣሪያዎችና በላቦራቶሪ ዕቃዎች ጀርባ ላይ አለ።

እኔን ወደ እርሱ የወሰደኝ የእናቴ ወንድም ላፕቶፕ ነው። ጋሼ የአማርኛ መምህር ነበር፤ በዶስ ዘመን በዚያች ከባድ ማሽን ላይ አጫጭር ልብ ወለዶች ይጽፍ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ያነበባቸው ግን ከባለቤቱ በቀር የለም። እርሱ ካረፈ በኋላ ማሽኗ በዳንቴል ተሸፍና ሳሎን ውስጥ ኖረች። ስትሰካ ትነሣለች። የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም ግን ሊከፈት ሲል መክፈቻ ዲስኬት ይጠይቃል፤ ዲስኬት ማንበቢያው ደግሞ ከሞተ ቆይቷል።

ነገሩን የሚያውቅ አንባቢ «ሃርድ ዲስኩን አውጥተህ አታነበውም?» ይለኝ ይሆናል። ይህንኑ ለእትዬ ሳቀርብላቸው፣

«ሳይፈታ ከሆነ ውሰድ፤ ካቻቢቴ የሚነካው ከሆነ ግን እዚያው ይቀመጥ» አሉኝ።

ስለዚህ በሩ አንድ ብቻ ሆነ።

አዳፕተር ማለት የመሰኪያን ቅርጽ የሚቀይር ነገር ብቻ ይመስለን ይሆናል። ይህኛው ግን በውስጡ ቺፕ አለው፤ ሥራውም ቀላል አይደለም። ሁለቱ ወገኖች ጠባያቸው ለየቅል ነው። በዩኤስቢ ሥርዓት ጌታው ኮምፒውተሩ ነው፤ የተሰካው ዕቃ ካልተጠየቀ አይናገርም። ሲሪያል ግን ነገር በመጣለት ሰዓት፣ የሚሰማው ኖረም አልኖረም፣ ይናገራል። አነጋገሩም እንግዳ ነው፤ «አንድ»ን በአሉታዊ ቮልት፣ «ዜሮ»ን በአዎንታዊ ቮልት ይገልጻል። ቺፑ የአሮጌውን ንግግር ተቀብሎ በትንሽ ማከማቻ ይይዝና አዲሱ «ምን አለህ?» ብሎ ሲጠይቀው ያቀርብለታል። ይህ እንግዲህ የቱርጁማን ወግ አይደለምን?

ቺፑ አስመሳይ መሆኑና አለመሆኑም ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤፍቲዲአይ የተባለው የስኮትላንድ ቺፕ ሠሪ፣ የእርሱን ምርት አስመስለው የተሠሩ ቺፖችን የመለያ ቁጥር ዜሮ የሚያደርግ ድራይቨር ለቅቆ ነበር። ብዙ ሰው በቅን ልብ የገዛው አዳፕተር በአንድ ሌሊት ዲዳ ሆነበት፤ ኩባንያውም ጩኸቱ ሲበዛ ድራይቨሩን አነሣ። አስመሳዩን ትቶ ገዢውን መቅጣት ለእኔ ፍርድ አይመስለኝም።

ገመዱም የራሱ ብልሃት አለው። ሁለት ኮምፒውተሮችን በቀጥተኛ ገመድ ብታገናኙ የአንዱ አፍ ከሌላው አፍ ይገጥማል፤ ሁለቱም ይናገራሉ፣ ማንም አይሰማም። ስለዚህ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሽቦ የተጠላለፉበት ገመድ ያስፈልጋል፤ የአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ እንዲሄድ።

ፍጥነቱን በሁለቱም በኩል 9600 አደረግነው። መለኪያው ቦድ የሚባለው በፈረንሳዊው የቴሌግራፍ መሐንዲስ በኤሚል ቦዶ ስም ነው። እያንዳንዱ ባይት መነሻና ማብቂያ ምልክት ተጨምሮለት አሥር ቢት ስለሚሆን በሰከንድ የሚያልፈው 960 ባይት ነው። ትልቁ ፋይል 48,000 ባይት ያህል ነበር፤ ሃምሳ ሰከንድ ወሰደ። የእህቴ ልጅ፣ ፊልም በደቂቃ የሚያወርደው ወጣት፣ በዚያች ሃምሳ ሰከንድ ውስጥ ትንፋሹን ውጦ ስክሪኑን ሲመለከት አየሁት።

የመጣው ግን አማርኛ አልነበረም። የነጥብ፣ የቅንፍና የባዕድ ፊደላት ክምር ነበር። ቱርጁማኑ አልዋሸም፤ የተሰጠውን ባይት ሳያጓድል አድርሷል። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም ሠሪ ለሀሁ የመሰለውን ቁጥር ይሰጥ ነበር። የጋሼ ፕሮግራም ለአንድ ፊደል ሁለት ባይት ይሰጣል፤ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገር ሰነድ ግን የለንም።

ቁልፉ የተገኘው ከእትዬ ዳዊት ውስጥ ነው። ጋሼ በአንድ ወቅት ያተመው አንድ ገጽ፣ ለሁለት ታጥፎ፣ በመዝሙራቱ መካከል ተቀምጦ ኖሯል። ገጹን ከፋይሉ ጎን አድርገን ፊደል በፊደል ስናመሳክር አመሸን። የእህቴ ልጅ ሠንጠረዡን እየሞላ ሳለ፣

«ጋሼ፣ የ‹ሕዝብ› ሕ እና የ‹ኅዳር› ኅ ቁጥራቸው ይለያያል። ድምፃቸው አንድ አይደል? ለምን በአንድ አናደርጋቸውም?» አለኝ።

መልሱን የሰጡት እትዬ ናቸው።

«ተው ልጄ! እሱ አንዷን ኀ ለማረጋገጥ መብራት አብርቶ መዝገበ ቃላት ሲያገላብጥ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣሁ አንተ ታውቃለህ? እንዳለ አስቀምጥልኝ።»

እንዳለ ተቀመጠ። በታተመው ገጽ ላይ ያልተገኙትን ፊደላት ደግሞ እርሳቸው ሞሉልን። ታሪኮቹን ጋሼ በጽሕፈቱ ሰዓት ጮክ ብሎ ያነብላቸው ስለነበር፣ እኔ ቃሉን እስከ ግማሹ ሳነበው የቀረውን ይነግሩኝ ነበር፤ አንዳንዴም ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን። ሦስቱ ታሪኮች በዚህ ዓይነት ወጡ።

አራተኛውን ሳነብላቸው ግን ዝም አሉ። ይህን አልሰሙትም ነበር። በሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ያለ ፊደል ቀርቶናል፤ ያለውም በዚሁ በአራተኛው ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም ጊዜ በአንዲት ሴት ስም መካከል ነው። እትዬ ስሙን ደጋግመው አስነበቡኝ፤ አላወቁትም። በረቂቁ ላይ ለጊዜው ባዶ አራት ማዕዘን አስቀምጠንለታል።